ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

«ታዲያ እትዬ፣ ዓይነ ስውር ከሆኑ አለማየታቸው ምኑ ላይ ነው ወንጀሉ?» አለ ሳጅኑ እስክሪብቶውን ቀጭ ቋ እያደረገ።

«ማነው ዓይነ ስውር ያለህ?» አለች የሰዓት ሠሪው እህት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ‹ወንድሜ ትናንት ጭፍን ቅምሻ ላይ ውሎ መጣ፣ ዛሬ አያይም› አሉኝ በስልክ። ጭፍን ከሆኑማ…»

«ወንድሜ የቁንጫ ጥርስ የሚያህል ብሎን ሲፈታና ሲያስር የሚውል ሰው ነው! ጭፍኖቹስ እናንተ ናችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስጮህ ማን ሰማኝ?»

«የማይሰማ እንኳ ጭፍን ሳይሆን…» ብሎ ሳጅኑ ጀመረና የአለቃውን ፊት ሲያይ ቀሪውን ዋጠው።

አለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ቆሟል ከማለት በሩን ዘግቶታል ማለት ይቀላል፤ ኢንስፔክተሩ በጎኑ ካልሆነ በር አይበቃውም። ቤተሰቡ ግን ዛሬም «ትንሹ» ነው የሚለው። የመጨረሻ ልጅ ሆኖ የተወለደ ሰው ጣሪያ ቢነካም ያው ትንሹ ነው።

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ ያሉት፣ መስኮቱ ላይ ያሉት፣ የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ባለቤታቸው በአምቡላንስ ሲወሰድ አንዳቸውም አልደነገጡም። ይኸ ነገር ኢንስፔክተሩን አንገቱ ላይ ቀዘቀዘው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እትዬ» አላት ዝቅ ብሎ።

«ምኑን ልንገርህ? ቁርሱን ይዤ ገባሁ። መጋረጃው ተከፍቷል፤ ፀሐይ አልጋው ላይ ተሰጥታለች። እሱ ተቀምጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ‹መብራቱን አብሪው እንጂ፣ ለምን በጨለማ ታስቀምጪኛለሽ?› አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ። ሳቅኩ።» ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። «ቀጥሎ እጁን እንዲህ እያወናጨፈ ‹ጥጥ ነው… ጥጥ እየዘነበብኝ ነው፣ አንሺልኝ› አለ። ያኔ አልሳቅኩም።»

«ትናንት የት ነበር?»

«አስመጪው ቤት። እነዚያ ውስኪ ወዳዶቹ ጋ። ድሮ የታሸገ የስኮትላንድ ውስኪ ያመጡና፣ ሲንግል ሞልት ነው የሚሉት፣ ጠርሙሱን ካልሲ ያለብሱታል።»

«ካልሲ?» አለ ሳጅኑ።

«የወንድ ካልሲ። ስሙ እንዳይታይ ነዋ። ከዚያ እያሸተቱ፣ እየቀመሱ፣ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን የታሸገ እንደሆነ ይገምታሉ። ጭፍን ቅምሻ ያልኩህ እሱን ነው። ወንድሜ ስቶ አያውቅም። አፍንጫው ነው እኮ ጉድ!» አለችና ኢንስፔክተሩን ቀና ብላ አየችው። «ምን እኔን ትጠይቀኛለህ? ያንተስ ወንድም አብሮት አልነበር? ልብስ ሰፊው።»

የሰዓቶቹ ድምፅ በአንድ ጊዜ የበረታ መሰለው።

ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሙ ብቻ አይደለም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ አባት ሆኖ ያሳደገው፣ የመጀመሪያውን የፖሊስ ልብስ የሰፋለት፣ ከዚያም በየዓመቱ ወገቡን እየተራገመ የሚያሰፋለት ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ ውጭ ወጥቶ ደወለ። ጣቱ ሁለት ጊዜ ቁጥር ሳተ።

«ጋሼ፣ ታያለህ?»

«ምኑን?»

«በቃ… ታያለህ ወይ?»

«ሰው ‹ደህና አደርክ› ይላል። ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ጠፍቷል። ሆስፒታል ነው። አሁኑኑ ሂድና ታይ።»

ከወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «እኔ ደህና ነኝ። ነገ የሚለበስ ሱፍ በእጄ ነው፤ ሙሽራውን በሙታንታ ልዳረው?» ብሎ ዘጋው።

*

ሐኪሟ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ነገር አታስረዝምም።

«ሜታኖል ነው። ማቃጠያና ማጽጃ ውስጥ የሚገባ አልኮል። ሽታውም ጣዕሙም ከሚጠጣው ብዙ አይለይም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲፈርስ ነው መርዝ የሚሆነው። መጀመሪያ ዓይን ይይዛል።»

«አብረውት የጠጡ አሉ። ደህና ነን ይላሉ።»

«ይበሉ። ከደህናው መጠጥ ጋር ከተወሰደ ይዘገያል፤ ደህናው መጥፎውን ያግደዋልና። አሁን ደህና ነኝ ያለ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ…» አልጨረሰችውም። «የነበሩትን ሁሉ አምጣልኝ። ሁሉንም። ምርመራው ደግሞ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ማን ምን እንደጠጣ ቶሎ ብታውቅልኝ ይሻላል።»

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ፋርማሲስቷ ነች፤ ከቀማሾቹ አንዷ። ማንም ሳይጠራት መጥታለች።

«ሜታኖል ነው አይደል?» አለችው ገና ሳይጠይቃት።

ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ። «ማን ነገረዎት?»

«ዓይኑ ጠፋ ሲሉኝ ሌላ ምን ይሆናል? ሥራዬ ነው እኮ።»

«ሜታኖል ሱቅዎ ውስጥ አለ?»

«ማቃጠያ ስፒሪት? አለ። ቀለም ሻጩም አለው፣ ሃርድዌሩም አለው። እንደዚህ አይዩኝ።»

«ትናንት ስንት ብርጭቆ ጠጡ?»

«አንድም አልዋጥኩም። ቀምሼ እተፋለሁ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ መኪና እነዳለሁ።»

መርዙን የምታውቅ፣ መርዙ ያላት፣ አንዲት ጠብታ ያልዋጠች! ነገሩ እንዲህ ሲቀል ደግሞ ያስፈራል። የእሷ ቦርሳ ሰንሰለት ግን ሲንኳኳ ይሰማል።

«ሰዓት ሠሪው ትናንት እንዴት ነበር?»

«ተዋረደ። ስድስት ጠርሙስ፣ ስድስቱንም ሳተ። ‹አልከፍት አለኝ፣ ዛሬ አንዱም አልከፍት አለኝ› እያለ ሲበሳጭ ሳቅንበት። ‹አፍንጫህ ጡረታ ወጣ› አልነው።» ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና ወዲያው አነሳችው፤ እያየች መሆኗን የምታረጋግጥ ይመስላል። «ሳቅንበት።»

*

«አልከፍት አለኝ» የምትለዋን ቃል ሳጅኑ ወደዳት።

«ቡሽ ነው፣ አለቃ። ጠርሙሱ አልከፈት ብሎታል። ከተከፈተና ከተከደነ በኋላ የሆነ ሰው…»

«‹አልከፈት› አላለም፤ ‹አልከፍት› ነው ያለው።»

«ያው ነው።»

ያው ይሁን አይሁን ኢንስፔክተሩም እርግጠኛ አልነበረም። አስመጪው ሳሎን ሲገቡ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ቡሾቹ ላይ ነው። ጠርሙሶቹ ካልሲያቸውን እንዳጠለቁ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ደግሞ ተረከዙ የተቀደደ። አጠገባቸው ደማቅ ሰማያዊ ብርጭቆዎች አሉ።

አስመጪው ሽቶው ከሱ ቀድሞ እጅ የሚጨብጥ፣ ወዝ ያለው ሰው ነው። «ከጠርሙሴ ነው የምትሉኝ? እንግዲያውስ እዩ» ብሎ ከስድስቱም እየቀዳ፣ ፊታቸው እየደረደረ፣ ተራ በተራ ጨለጣቸው። «መርዝ ካለው እኔን ይግደለኝ። ይኸ የመጨረሻው ከእናንተ ዕድሜ በፊት የታሸገ ነው፤ በእርጥብ ሱፍና በሻማ መካከል ያለ ሽታ። ሳምንት የድሮ ውስኪ ሰብሳቢ ከውጭ መጥቶ ሊገዛኝ ነው።»

«ማን ነበር የሚቀዳው?»

«እኔ» አለች ሴት ልጁ ከበሩ ጥግ። ዓይኗ ቀልቷል። ኢንስፔክተሩ ልጅቷን ባየ ቁጥር አባትየው አንገቱን ወደሷ ያዞራል። «እነሱ እንዳያዩ ጓዳ ሆኜ ቀድቼ በትሪ አመጣለሁ። ለሁሉም ከአንዱ ጠርሙስ ነው የምቀዳው፤ እምላለሁ።»

«ብርጭቆዎቹ ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው?»

«ኧረ ትናንት ነው አባዬ ያወጣቸው። በፊት ተራ ብርጭቆ ነበር።»

«የውስኪውን ቀለም ካዩት ጭፍንነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለ አስመጪው ፈጠን ብሎ። «ዓለም በሙሉ እንዲህ ነው የሚቀምሰው።»

«ከውስኪው በቀርስ ሌላ መጠጥ ነበር?»

«ሌላ መጠጥ? በኔ ቤት?» አስመጪው የተሰደበ መሰለ። «ቢራ እንኳ አላስገባም።»

«ምንም ሌላ መጠጥ አልነበረም» አለች ልጅቷም።

ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ነበረች። ሰዓት ሠሪው አልፏል።

ኢንስፔክተሩ ሲነግራቸው ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አስመጪው ከንፈሩ ብቻ ነጣ። «ሁላችሁም ሆስፒታል» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ሳጅን፣ ጠረጴዛው ላይና ጓዳ ያለውን አንድ ሳይቀር ያዝና አብረሃቸው ና።» እሱ ወደ ወንድሙ ሮጠ። የሱ ሩጫ እንኳን ለተመልካች ለአስፋልቱም ያሳዝናል፤ የዚያን ቀን ግን የሳቀበት የለም።

*

ልብስ ሰፊው መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ በደንብ ከሚገባበት፣ የሙሽራውን ኮት ጉልበቱ ላይ አድርጎ መርፌ ክር ያስገባል። ክሩ በመርፌው ግራ አለፈ። ምራቁን አስነካና እንደገና ሞከረ። በቀኝ አለፈ።

«ጋሼ።»

«ይኸ የዘንድሮ ክር ፈትሉ አይረባም» አለ ወንድሙ ቀና ሳይል።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ቅቤ የሆነች ሴት ናት። «ትንሹ! ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ቁጭ በል፤ ምን ትጠጣለህ?»

«ምንም መጠጥ አልፈልግም፣ እትዬ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ማን መጠጥ አለህ? ውሃ ነው» ብላ ብርጭቆውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ውሃ መጠጥ ነው እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረሰ ቀረ።

‹ሌላ መጠጥ ነበር?› ነበር ያላቸው። እነሱም እውነታቸውን ነው የመለሱት። ደርቆ የተሰነጠቀ መሬት እንኳ ውሃን መጠጥ አይለውም!

«ጋሼ፣ ውስኪው ‹አልከፍት አለኝ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሽታው ተቆልፎ ሲቀር ነው። በርሜል ውስጥ እንደነበረ ሳይቀጥን የታሸገ ድሮ ውስኪ ኃይለኛ ነው፤ አፍንጫ ይዘጋል። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ደመና ይሠራና ሽታው ይከፈታል ይላሉ። እኔ አላምንበትም።»

«ማን ነው ውሃ የሚጨምረው?»

«እኔ? ሞቼ ነው!»

«ስለ አንተ መች ጠየቅኩህ?»

ወንድሙ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ፤ ማለት ኮቱ ላይ ሊሰካ ፈልጎ ጣቱ ላይ ሰካው። «ሰዓት ሠሪው ነው» አለ ጣቱን እየመጠጠ። «ጠብታም አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ነው የሚያደርገው። ‹ማሳ ታጠጣለህ ወይስ ውስኪ ትጠጣለህ?› እንለዋለን። እኛ ጋ ውሃ የሚቀላቅል… ምን ልበልህ፣ ወንድ አይደለም።»

«አንተ አልጨመርክም?»

«አልኩህ እኮ!»

«እሺ። ተነሣ፤ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ኮቱ…»

«ተነሣ ጋሼ!» አለ ኢንስፔክተሩ። በሕይወቱ ወንድሙ ላይ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር። ሚስትየው ኮቱን ነጥቃ ጥላ ጫማውን አቀረበችለት። ወንድሙ እግሩን ወደ ጫማው ሲሰድ ወለሉን ረገጠ።

*

ሆስፒታሉ በሽተኛ የሌለበት አንድ ክፍል ሰጣቸው። ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን። ፋርማሲስቷ ግድግዳውን ተደግፋለች። አስመጪው ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ትከሻዋን ይዟል። ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። «እያሸለበኝ ነው» ይላል። ሐኪሟ ስትጠይቀውም «ከውስኪ በቀር አልጠጣሁም» ብሏል።

ሳጅኑ ጆሮ ያላት ትንሽ የመስታወት ጆግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጆጓ እስከ አንገቷ ሞልታለች።

«ይቺ ከናንተ ቤት ነች አይደል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ውሃ መያዣችን ነች» አለች ልጅቷ።

«ትናንት ማን ሞላት?»

«ከቧንቧ ነው» አለ አስመጪው።

«ማን አልኩ እንጂ ከየት አላልኩም» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ግን መልስ አልጠበቀም። ብርጭቆዎቹን ደርድሮ ቀዳ። ለፋርማሲስቷ ዘረጋላት፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። «ከዛሬ በኋላ አየሩንም እፈራለሁ።» ለልብስ ሰፊው ዘረጋ፤ እሱ ዓይኑን አልገለጠም። ለልጅቷ ዘረጋላት። ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ጉሮሮዋ የደረቀ ልጅ ናት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ብርጭቆው ወደ ላይ ወጣ። የታችኛው ከንፈሯ ጠርዙን ነካ።

«ተይው!»

አስመጪው ብርጭቆውን በጥፊ መታው። ብርጭቆው ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ ረጨ፤ እሱም ተንበርክኮ ከንፈሯን በእጅጌው ይጠርጋል። «ዋጥሽ? ዋጥሽ ወይ? ንገሪኝ!»

«አባዬ፣ ምን…»

«ከዚሁ ኮሪደር ቧንቧ የቀዳነው ነው» አለ ኢንስፔክተሩ በቀስታ። «አሁን፣ ሳጅኑ ነው የሞላት። ሌላው ሰው የፈራው ሁሉንም ነገር ነው፤ እርስዎ የፈሩት ግን ይቺን ጆግ ብቻ ነው። ከስድስቱ ጠርሙስ ሳይፈሩ ጨልጠዋል።»

አስመጪው እጅጌውን ከልጁ አፍ አላነሳም። ወዙ ሁሉ ጠፍቶ ሌላ ሰው መሰለ።

«ዓይኑን አልነበረም የፈለግኩት» አለ። «አፍንጫውን ነው። ሰብሳቢው እሱን ሳያስቀምስ አይገዛኝም። ያ የመጨረሻው ጠርሙስ… ድሮ የታሸገ አይደለም፤ አሮጌው ጠርሙስ፣ መጠጡ ያምና ነው። እሱ አንዴ ቢያሸተው አለቀልኝ። በሰው ፊት አንድ ቀን ቢስት ግን ማንም አያምነውም አልኩ። ጆጓን በውሃ ፋንታ ስፒሪት ሞላኋት፤ ያው አልኮል ነው፣ ሽታ ያበላሻል እንጂ ምን ያደርጋል አልኩ። ደመና አለመሥራቱን እንዳያይ ሰማያዊውን ብርጭቆ አወጣሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ዓይኑ መጥፋቱን ሲሰሙስ?»

«ገባኝ።»

«ያኔ ቢናገሩ ሐኪሟ…»

«መርዝ ነው ካልኩ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ቀጂዋ ልጄ ነች! በሷ ይሆናል አልኩ!»

ልጅቷ የአባቷን እጅ ከፊቷ ላይ አነሳችው። ያ ነገር አባትየውን ከሳጅኑ ካቴና ይልቅ ከበደው።

ከጥጉ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«ትንሹ።»

ኢንስፔክተሩ ዞረ። ወንድሙ ዓይኑን ገልጧል። የሚያየው ግን ኢንስፔክተሩን አልነበረም፤ ከሱ ክንድ ያህል ወደ ግራ፣ ባዶውን ግድግዳ ነው።

«እኔም ጨምሬበታለሁ» አለ። «እሱ ለመሽናት ሲወጣ፣ ሌሎቹ ዞር ሲሉ። ሚስቴ ጨጓራህን ይቆርጥሃል፣ ያለ ውሃ እንዳትጠጣ ብላኝ። እሷንም አንቺ ማን ነሽ ብዬ ተቆጥቼ ነው የወጣሁት።» እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። «ትንሹ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ነገር እየወረደብኝ ነው።»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን ተረት ኢንስፔክተሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል፤ ሲወስድ ግን ያን ዕለት ገና አየ። መቶ ሃያ ኪሎውን ይዞ በሩን በጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊት ጥሶ ወጣ። «ዶክተር!» ሲል ኮሪደሩ በሙሉ ብድግ አለ።

*

ልብስ ሰፊው አልጋ ላይ ነው፤ ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ከቱቦው የሚወርደው አልኮል መሆኑን ሐኪሟ ነግራዋለች፤ ደህናው መጥፎውን እያገደ ሰውነቱ እስኪያወጣው ድረስ። ነፍሱ ተርፋለች ብላለች። ዓይኑን በተመለከተ ግን ትከሻዋን ነው የነቀነቀችው። ነገ መጋረጃው ሲከፈት ይታወቃል።

ሚስቱ በአንድ በኩል ተቀምጣ እጁን ይዛለች። በዚያኛው በኩል ኢንስፔክተሩ፣ ወንበር ስላልበቃው፣ ቆሟል።

«‹አልከፍት አለኝ› ሲል ሳቅኩበት እኮ» አለ ልብስ ሰፊው። «ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ያው ውሃ በኔም ብርጭቆ ውስጥ እያለ።»

«ተወው ጋሼ። አሁን ተኛ።»

«ትንሹ።»

«አቤት።»

«ሪፖርት ትጽፋለህ አይደል?»

«እጽፋለሁ።»

«ታዲያ ውሃ ቀላቀለ ብለህ እንዳትጽፍ። ሰው ያነበዋል። ጠብታ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ መልስ ሲፈልግ ሚስትየው ቀደመችው። እንባዋን አልጠረገችም፤ የባሏንም እጅ አለቀቀችም።

«ጻፍለት» አለች። «የዓይን ጠብታ ነበር በልለት።»